ከመንገዱ ማዶ የሚጠብቁ እንግዶች

እሑድ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2014። በምዕራብ ዴንማርክ፣ በለምቪ ከተማ፣ ኤቫልድ ሽየልበርግ ለእራት ያሰበውን የአሳማ ሥጋ ቆዳ እየሰነጠቀ ሳለ ልቡ ቆመ። ቆዳው እስከ ግማሹ በቀጫጭኑ ተሰንጥቋል፤ የቀረው እንዳለ ነው። ቢላዋው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ደቃቅ ያልሆነው ጨው በሳህን ተሰፍሮ ተቀምጧል፤ ምድጃው ገና አልበራም። ከቀትር በኋላ ያገኘችው እኅቱ ቲራ ናት።

በቀብሩ ዕለት ቄሷ "ኤቫልድ የተዋጣለት ምግብ አብሳይ ነበር" አለች። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጁ ሜሬቴ ጥርሷን ነከሰች። ቄሷ ኤቫልድን ያየችው ለሚስቱ ቀብር ነው፤ እጁ የሠራውን አንድ ጉርሻ ቀምሳ አታውቅም። ከኋላ የተቀመጡት ግን የቀመሱት ናቸው፤ እነሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁላት። ሬሳ ሣጥን ፊት መዋሸት ይህን ያህል ቀላል ነው። ሟቹ ተነስቶ አያርም፣ ቋሚው ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ስለሚጠብቀው ኬክ ያስባል። እውነቱ ሌላ ነው። ኤቫልድ መጥፎ አብሳይ ነበር። ለዓመታት ታግሎ አንድ ነገር ብቻ አሳምሮ መሥራት ቻለ፤ ቤተሰቡ ያንን በወጉ የቀመሰውም አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሚስቱ ኢንገር እስክትሞት ድረስ እንቁላል ቀቅሎ አያውቅም ነበር። ዕድሜውን በአውቶቡስ ሹፌርነት ነው የጨረሰው። በእነሱ ሥራ የዘገየ አውቶቡስ ይቅር ይባላል፣ ከሰዓቱ ቀድሞ የሚነሳ ግን ነውረኛ ነው። ስለዚህ ኤቫልድ ደቂቃዋ እስክትሞላ ሰው በሌለበት ፌርማታ ላይ ባዶ መንገድ እያየ ሲቆም ኖረ፤ ይኮራበትም ነበር። የቤቱ ሕግም ያው ነው፤ የእሑድ እራት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቀርባል። ኢንገር በተቀበረች ማግስት ለልጁ ደወለ።

"እሑድ ትመጣላችሁ" አላት።

"ማን ሊያበስል ነው አባዬ?"

"እኔ ነኛ።"

"አንተ?"

"ምነው? እናትሽስ ድስት ይዛ ነው እንዴ የተወለደችው?"

መጡ። ድንቹ ፈርሶ ገንፎ ሆኗል፣ ሥጋው እንደ ቡሽ ደርቋል፣ መረቁ ከፓኬት ዱቄት ተበጥብጦ የግድግዳ ሙጫ መስሏል። የሜሬቴ ባል ስቴን ሰው ላለማስቀየም የተፈጠረ ሰው ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እሳት አጥፊዎቹን ስላስቸገረ ይቅርታ ይጠይቃል። ሳህኑን ጠርጎ በላና አፉን ጠርጎ "ለምግቡ አመሰግናለሁ" አለ። በዴንማርክ ይህን ቃል ሳይል ከማዕድ የሚነሳ ሕፃን እንኳ የለም፤ ድንጋይ ቀቅለህ ብታቀርብለትም ይልሃል። ሜሬቴም፣ ሲለ የተባለችው ልጇም ይህንኑ አሉ፣ ከአንገት በላይ። ኤቫልድ ግን "ይስማማችሁ" ብሎ መለሰ፤ ደግሞም አመነ። ጅልነቱ እዚህ ላይ ነበር፤ የወግ ቃል ሰምቶ እንደ ምስክርነት ወሰደው።

ከዚህ ወግ ነፃ የነበረችው ቲራ ብቻ ናት። ከወንድሟ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሐሜትን ባለቤቱ በሌለበት ማውራት እንደ ብክነት ትቆጥራለች።

"ኤቫልድ፣ ይሄ ሥጋ ነው ወይስ ከአውቶቡስህ የተረፈ ጎማ?"

"ዝም ብለሽ ብዪ ቲራ።"

"እየበላሁ ነው። ግን ጥርሴ እኮ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ እሱ ነው ያሳዘነኝ።"

ኤቫልድ ያኮረፈው አንድ ሌሊት ነው። በማግስቱ ሄዶ የወንዶች የምግብ ዝግጅት ትምህርት ተመዘገበ። አስተማሪው ጺሙን በቅባት ያሾለ ወጣት ነበር፤ ምግብ ታሪክ ይናገራል እያለ ይሰብካል። ለብቻው በአንድ ክፍል የሚኖር፣ ኩሽና እንኳ የሌለው ይመስላል፤ ቤተሰብ መግቦ እንደማያውቅ ከሚያቀርበው መጠን ያስታውቅ ነበር። ጡረተኞቹም ሽርጣቸውን ታጥቀው እንደ ቁርባን ተቀባይ በሰልፍ ቆመው ያዳምጡታል። ኤቫልድ ከዚያ ተምሮ መጥቶ ኮድ የሚባለውን ዓሣ በማንጎ ሠራ።

"እና፣ ዓሣው ምን ብሎ ተናገረ?" አለች ቲራ።

"ምን ይላል?"

"በባሕር ኖሬ በማንጎ ልቀበር? ነው የሚለው።"

ስቴን "ለየት ያለ ነው" አለ። ሜሬቴ ባሏን በጎን አየችው። ለየት ያለ! ሰው እንዴት እንዲህ ባለ ቃል ራት ይከፍላል? ያን ቀን ወደሚኖሩበት ወደ ሆልስተብሮ ከተማ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ለስቴን ነገረችው፤ እናቷን የምትናፍቅ ሰው በየሳምንቱ እናቷ ወንበር ፊት ተቀምጣ ሙጫ መዋጥ አይገባትም አለች። ስቴን "ያዝናል እኮ" አለ። እሱ ስለ ሰው ሁሉ ያዝናል፤ ምንም ግን አያደርግም።

ኤቫልድ ትምህርቱን አቋረጠና ኢንገር ለዓመታት ያበሰለችውን የአሳማ ጥብስ ለብቻው ያዘው። እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የሚመሰገንበትም ይህ ብቻ ነው። ቆዳውን እስከ ሥጋው ሰንጥቆ አደረቀው፤ ቀጥሎ ቢላዋው ሥጋ ሳይነካ ማቆም ለመደ። ጨው አነሰበት፣ ቀጥሎ በዛበት፣ ቀጥሎ በየስንጥቁ ውስጥ በጣቱ ማሸት ተማረ። አንድ ወገኑ ሲያር ሌላው ጥሬ ሆኖ ሲቀርበት ከሥሩ የተጨማደደ ፎይል ሸጉጦ አስተካከለው። የፓኬቱን ዱቄት ጥሎ መረቁን ከሥጋው ጭማቂ ማውጣት ጀመረ። ኋላ ኋላ ቆዳው በምድጃው ውስጥ አረፋ አውጥቶ ሲንጣጣ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

ገበታ ላይ ሲደርስ ግን ቆዳው እንደ እርጥብ ቀበቶ ይላላል። እሑድ በመጣ ቁጥር።

"ይሄን ልውሰድልህና የዝናብ ካፖርት ላሰፋበት" ትለዋለች ቲራ።

ምክንያቱን ኤቫልድ ያውቀዋል። ሜሬቴም ታውቀዋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። የኢንገር ምድጃ ያረጀ ነው፤ ቆዳው የሚደርሰው በፈለገው ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ሲሆን። ከደረሰ ካልወጣ ያርራል፤ ወጥቶ ካልተበላ ደግሞ ከሥሩ ያለው የሥጋ እንፋሎት ያላላዋል። ሥጋው እንዳይቀዘቅዝ ሲሸፍነውማ ይባስ ይርሳል። የሚበሉት ሰዎች ግን እዚያው ናቸው! የእሑድ መንገድ ባዶ ስለሆነ እነ ሜሬቴ ሁልጊዜ ቀድመው ይደርሳሉ። ቀድሞ ደወል መደወል ነውር ነውና ከመንገዱ ማዶ መኪናቸውን አቁመው፣ መብራት አጥፍተው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኤቫልድ ከመጋረጃው ጀርባ ያያቸዋል። አይቶ ግን አይጠራም፤ ቀድመው መምጣታቸውን እንዳየ ማሳወቅ እነሱን ማሳፈር ነው። በዚህ በኩል አባት ጥብሱን ሸፍኖ ሰዓት ያያል፤ በዚያ በኩል ልጅ ሆዷ እየጮኸ ሰዓት ታያለች። የተማረ፣ ያደገ፣ ግብር የሚከፍል ሕዝብ እንዲህ አድርጎ ራቱን ያበላሻል፤ ስሙንም ጨዋነት ይለዋል።

በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሜሬቴ ሳህን እያደረቀች ተናገረች።

"አባዬ፣ ከአዲሱ ዓመት ወዲህ በወር አንዴ ብንመጣ ይሻላል። ሲለም እሑድ እሑድ የእጅ ኳስ ጨዋታ አላት።"

ኤቫልድ ፓትራውን ይፈገፍግ ነበር። እጁ ቆመ።

"ምግቡ ነው?"

"ምግቡ አይደለም።"

"ገባኝ" አለና መፈግፈጉን ቀጠለ።

ሲለ በኮሪደሩ ጫማዋን እያሰረች "እሑድ ጨዋታ የለኝም እኮ" አለች።

በሳምንቱ እንደ ልማዳቸው ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ከከተማው ዳር ካለው የባሕር ወሽመጥ የሚነሳው ነፋስ መኪናዋን ይወዘውዛታል። ስቴን የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሶ የእግር ኳስ ውጤት ያዳምጣል። በድንገት የቤቱ በር ተከፈተ። ኤቫልድ ሽርጥ እንደታጠቀ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሁለት እጁ ፓትራ ይዞ መንገዱን መሻገር ጀመረ።

"አየን!" አለ ስቴን። "ጎንበስ በሉ!"

"ጎንበስ ብዬ የት ልግባ?" አለች ሜሬቴ። ጎንበስ ግን አለች።

"አያቴ ጥብስ ይዞ እየመጣ ነው" አለች ሲለ ከኋላ።

ኤቫልድ የመኪናውን በር በእግሩ መታ። ሲለ ከፈተችለት። ጠጋ በይ አላትና ከነፓትራው ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መኪናው በአንድ ጊዜ የጨውና የስብ ሽታ ሞላው።

"አባዬ፣ ገና እኮ ነው ሰዓቱ! ሰው ያየናል!"

"ይየን። ቆዳው ሰዓት አያውቅም። አሁን ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቀበቶ ነው። እንኪ!"

"ሹካ የለም" አለ ስቴን።

"እጅ የለህም?"

ኤቫልድ ቆዳውን በጣቱ ገንጥሎ አደለ። ሜሬቴ ነከሰችው። በመኪናው ውስጥ የተሰማው ቆሎ የሚቆረጥም አህያ ድምፅ እንጂ የሰው አልነበረም፤ አራቱም ቆረጠሙ፣ መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ። ከማዶው ቤት አንድ መጋረጃ ገለጥ ብሎ ተዘጋ። ሜሬቴ ሁለተኛውን ሳትጠየቅ አነሳች። ሦስተኛውን ከስቴን እጅ ቀማችው።

"የእናቴ እንዲህ ነበር?" አለች፣ ጉንጯ ሞልቶ።

ኤቫልድ አሰበ። "አይደለም። የእናትሽም ይላላ ነበር። እሷም ሸፍና ነበር የምትጠብቃችሁ።"

ሜሬቴ ማኘክ አቆመች። ልክ ነው። ይላላ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የአባቷን ጥብስ የለካችው በሌለ ጥብስ ነው። ሳቋ ከነስቡ ፈነዳ።

ቲራ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስትደርስ ባዶ ገበታና ከመኪና የሚወርዱ ቅባታም ሰዎች አገኘች።

"ሳልመጣ በላችሁ? በመንገድ ላይ? እንደ ሌባ?"

"ቆዳው አልቋል፣ ሥጋ ግን አለ" አላት ኤቫልድ።

"ከወንድምሽ ቤት ሥጋ ብቻ ብዪ በለኝ እንጂ!"

ያን ማታ ለምግቡ አመሰግናለሁ ያለ አልነበረም። ስቴን እንኳ ረሳው። ሜሬቴ ካፖርቷን እየለበሰች "በሚቀጥለው እሑድ ሲደርስ ጥራን" አለች። "ከዚያ በኋላም። የወሩን ነገር ተወው።"

ቄሷ ይህን አታውቅም፤ ብታውቅም አትናገረውም ነበር፣ ለስብከት አይመችም።

ያን የመጨረሻውን ሳምንት ኤቫልድ እንዴት እንዳሳለፈው ቲራ ናት ለሜሬቴ የነገረቻት፤ ቲራ ደግሞ ሰው ለማስደሰት ብላ አንዲት ቃል አትጨምርም። ሰኞ ሥጋ ቤት ሄዶ ለእሑድ ሥጋ አዘዘ፤ ዓርብ አመጣው። ከኩሽናው በር አጠገብ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ከቲራ የተዋሰው ተጎታች ለዓመታት ዘግቶት ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ጎማውን ነፋ፣ ውስጡ የበሰበሰውን ቅጠል ጠርጎ አወጣ፣ ከመኪናው ጋር አያይዞ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቲራ ግቢ ወሰደው።

"ምን ነካህ? ስጠይቅህ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ዛሬ ምን ታየህ?" አለችው።

"ቦታው ተፈለገ።"

"ለማን?"

"ለልጆቹ። ከመንገዱ ማዶ እስኪሻገሩ ይቀዘቅዛል።"

ተጎታቹን ፈትቶ አጥሩ ጥግ አስጠጋላት፣ ነፋስ እንዳይገፋው ከጎማው ሥር ጡብ ሸጎጠለት። ወደ ቤቱ ተመልሶም የራሱን መኪና መንገድ ላይ አቆመ፤ ከኩሽናው በር አጠገብ ያለውን ቦታ ባዶ ተወው።