ቀይ ነጥብ ለእያንዳንዱ ሕፃን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ከፍታ ካርታ አሳየችኝ። መዋለ ሕፃናት የት የት እንደሚከፈት የሚያቅዱበት ነው። «አክስቴ፣ ልጆቹ የሚበዙት እዚህ ጋ ነው» አለች በጣቷ እየጠቆመች። ሳቄ አመለጠኝ። ስታኮርፍብኝ የራሴን ጉድ ማውጣት ግድ ሆነብኝ።

ገና ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከደሴ ወደ ቢቸና ተመደብኩ። ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ፣ እናቶች እርሻና ገበያ ሲውሉ ልጆች የሚቆዩበት ቤት ሊሠራ ታስቦ ነበር። መንደሮቹ በወንዝ የተለያዩ ሁለት ናቸው፤ ቤቱ ግን አንድ ነው። አለቃዬ ትልቅ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ ሰጥቶኝ፣ «ለአንድ ሕፃን አንድ ነጥብ። ነጥብ የበዛለት መንደር ቤቱን ያገኛል። ሞጣ ስብሰባው ላይ ታቀርቢዋለሽ» አለኝ።

ጥቅምት ነበር። ጤፉ ማሸት ጀምሯል፣ መንገዱም ጠፈፍ ብሏል። በየቤቱ የባቄላ እሸት ስለሚያቀርቡልኝ የምቆጥረው ሆዴ ተነፍቶ ነው።

ላይኛው መንደር ስደርስ የያዝኩት ቦርሳ የክትባት ሠራተኛ አስመሰለኝ መሰለኝ፣ ልጅ የሚባል አይታይም። አንዲት እናት «ልጅ የለኝም» እያለችኝ ከጎታው ኋላ አንድ ነገር አስነጠሰ።

«አይጥ ነው» አለችኝ፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ።

እኔም «ልጅ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ታችኛው መንደር ደግሞ ቤቱ ልጅ ለበዛበት ነው የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። በመጀመሪያው ቤት አንገቷ ላይ አረንጓዴ ክር ያሰረች ልጅ ስሟን ስጠይቃት «ብርቱካን» አለች። በሁለተኛው ቤትም አረንጓዴ ክር ያሰረች ልጅ እያለከለከች «ሎሚ» አለችኝ። በሦስተኛው «ትርንጎ»። የዘመዳሞች መንደር ስለሆነ ይመሳሰላሉ ብዬ ሦስት ነጥብ አኖርኩ።

ካርታዬን ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ታችኛው መንደር ኩፍኝ የወጣበት ይመስል ነበር። የልጆቹን ስም ሳነብ ሁሉም በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ቤቱ ለታችኛው መንደር ሊጸድቅ ሲል የዚያው መንደር ተወካይ መሪጌታ ተነሡ። ጎናቸው የተቀመጠው ሰው ጋቢያቸውን ቢጎትት ከእጁ አስለቀቁት።

«ልጄ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ትርንጎ ያልሻት የልጄ ልጅ አበባ ናት። ብቻዋን የአትክልት ቦታ አደረግሻት!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«እኛ ዘንድ ልጅ ከአያቱ ጋር ይውላል። ላይኛው መንደር አዲስ ጎጆ የወጡ ናቸው፤ እናት ገበያ ከሄደች ልጅ ብቻውን ነው። አምና አንዲት ሕፃን ምድጃ ውስጥ ወድቃለች። ቤቱ ለእነሱ ይሁን።»

ስብሰባው ላይኛውን መንደር እንደገና እንድቆጥር ላከኝ።

በማግስቱ ያለ ቦርሳ ወደዚያው ተመለስኩ። «ስንት ልጅ አለሽ?» ማለቴን ትቼ «ገበያ ስትሄጂ ከማን ጋር ትተያቸዋለሽ?» ብዬ ጠየቅሁ። ያቺ «አይጥ ነው» ያለችኝ እናት ወደ ጓዳ ተጣራች፤ ሦስት ልጆች እርስ በርስ እየተገፋፉ ወጡ። ትልቁ አምስት ዓመት አይሞላውም። ታናናሾቹን ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ቤቱ እዚያው ላይኛው መንደር ተሠራ።

የእህቴ ልጅ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ፣ «መሪጌታን የመንደራቸው ሰዎችስ ምን አሏቸው?» አለችኝ። ለካስ እኔ በራሴ እፍረት ተጠምጄ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። መሪጌታ የገዛ መንደራቸውን ቤቱን አሳጥተው፣ ከዚያው ሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ በዓል መቀመጥ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ሁሉም «ለእኛ» እያለ ሲነሣ ነው ያየሁት። «ለእነሱ ይሁን» ብሎ የተነሣ ሰው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።