አጽድቼ የመለስኩት ስልክ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። የማልረሳው በየጠዋቱ ወደ ታክሲ ስወርድ ነገሩ በደረሰባቸው ጎረቤቴ ቤት በር ስለማልፍ ነው።

ስለ ስልክ፣ ስለ ላፕቶፕ፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ የምዘግብ ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ገና በቁልፍ ስልክ ዘመን፣ በአንዲት ጋዜጣ ጥግ ላይ ነበር። ከዚያ ሬዲዮ ገባሁ፤ አሁን በቪዲዮ እሠራለሁ። እዚህ ቁስቋም ሰፈር በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ "ጋዜጠኛዋ" ነኝ። ስልክ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ያማክራል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስለ ባትሪ ሳብራራ የረፈደብኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ሱቆች አዲስ ስልክ ያውሱኛል። ተጠቅሜበት፣ ጽፌበት እመልሳለሁ። ከመመለሴ በፊት ግን የእኔ ፎቶና መልእክት በሰው እጅ እንዳይቀር ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋለሁ። ይህን ከመልመዴ የተነሳ እጄ እኔን ሳያማክር ይሠራዋል።

ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን ዐረፉ። አርባቸው ሲቃረብ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የሟቹን ስልክ ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ በጥምቀት የተነሳው ፎቶ እዚህ ውስጥ አለ። ለአርባው በትልቁ አሳጥቢልኝ። ለሌላ ሰው መስጠት ፈራሁ" አሉኝ።

አዲሱ ገበያ ያለ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ጋሽ ወርቁ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚስቁበት ፎቶ ነው። ፎቶ ቤቱ አጥቦ ፍሬም እስኪያስገባው ድረስ ቁጭ ብዬ፣ በራሴ ስልክ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ስለሚቀጥለው ሥራዬ አወራ ነበር። ፎቶው ወጥቷል፤ በሌላው እጄ ያለው የሚመለስ ስልክ ነው። እጄ የለመደውን አደረገ። ስልኩ ሁሉም እንደሚጠፋ አስጠንቅቆኛል፤ እሺ ብዬ አለፍኩት። የነቃሁት "እንኳን ደህና መጡ" ብሎ እንደ አዲስ ሲከፈት ነው።

ደነገጥኩ። ግን ፎቶው ስለተረፈ ራሴን አጽናናሁ። በሽማግሌ ሰው ስልክ ላይ ሌላ ምን ይኖራል ብዬ!

እትዬ አስካለ ፎቶውን ሲያዩ ሳሙት፣ መረቁኝ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ሰጡኝ።

"በይ አሁን ዳዊቱን ክፈቺልኝ። ዛሬ ሳልሰማ ነው የዋልኩት።"

ለካ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ዕድሜ ልክ ዳዊት የሚደግሙላቸው ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ከሞትኩ በኋላ እንዳይቀርባት ብለው ድምፃቸውን ስልኩ ላይ ቀድተውላቸዋል። በየጠዋቱ በመስኮታቸው ሲወጣ የምሰማው እሱ ነበር። እኔ ሬዲዮ ይመስለኝ ነበር።

"እትዬ፣ ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኩ።

አልገባቸውም። "ታዲያ መልሺው! አንቺ አይደለሽ እንዴ የስልክ አዋቂዋ?" አሉኝ።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የማውቃቸው ባለሙያዎችም ሞከሩ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኮፒ አልነበረም። ኮፒ አስቀምጡ እያልኩ በሬዲዮ አድማጭ ስመክር የኖርኩት እኔ ነኝ። ባዶ እጄን ስመለስ እትዬ አስካለ ፊቴን አይተው ገባቸው። "በቃ፣ አታልቅሺ። ሰው ይሰማል" አሉኝ። በዚያን ሰዓት እንኳን የሚጠብቁት የእኔን ስም ነበር።

በአርባው ዕለት ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ያየው ሁሉ አደነቀ። "ጋዜጠኛዋ ልጄ ናት ያሠራችልኝ፣ እግዜር ይስጣት" ይላሉ እትዬ አስካለ። አንድ ጎረቤት ጠጋ ብሎ የትኛው ስልክ እንደሚሻል ጠየቀኝ። አፌን ሞልቼ መለስኩለት። እስካሁን ከሁሉ በላይ የማፍረው በዚያ መልሴ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ዳዊት ይዤ ሄድኩና ላንብብልዎት አልኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። "ተባረኪ። አንቺ ግን ሥራ አለሽ፣ አትልፊ" አሉኝ። ድምፄ የማንን ቦታ እንደማይሞላ ገባኝ፤ ሁለተኛ አልሄድኩም።

ዛሬም ሲያገኙኝ ስመው ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት በበራቸው ሳልፍ ግን ከመስኮቱ ምንም አይሰማም። ለምን እንደሆነ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።