ወንድሜ ከሞተ በኋላ የሰጠው ማረጋገጫ

ይህ የደረሰብኝ ዓምና መስከረም ላይ፣ ቡራዩ ውስጥ ነው። የታላቅ ወንድሜ የታዬ አርባ ገና አልወጣም ነበር። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ግን ታሪኩን ጨርሼው አላውቅም።

ታዬ የሞተው በትኩሳት ነው። ክረምት ሲያበቃ እኛ ሰፈር ተስቦ አይጠፋም። እሱ ግን «ጉንፋን ነው፣ አታካብዱ» እያለ ሳምንት ሙሉ ሥራ ገባ። ሐኪም ቤት ስንወስደው ረፍዶ ነበር። የሚገርመው፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ውስጥ ያስገባን እሱ ነው። በየዓመቱ ያሳድሳል፤ አንድም ቀን ግን አልታከመበትም።

መስከረም ላይ እማዬን ያው ትኩሳት ያዛት። «ለቅሶ ላይ ብርድ መቶኝ ነው፣ ይለቀኛል» አለች። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። አልተከራከርኳትም። ጋቢ አልብሼ፣ የመድኑን ደብተር ይዤ፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ደብተሩን ገለጠችው። የእማዬ ፎቶ ከነበረበት ቦታ የቀረው ሙጫው ብቻ ነው።

«ፎቶአቸው የለም። የቤተሰቡ ኃላፊ መጥቶ እናቱ መሆናቸውን ያረጋግጥ» አለችኝ።

«ኃላፊው ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው የሞት ማስረጃ አምጣ። ደብተሩ ወደ አንተ ስም ይዞራል። አዲሱ የሚሠራው ግን ከወር በኋላ ነው።»

«እሷ የታመመችው አሁን ነው።»

«አይቻለሁ» አለች። እማዬ አግዳሚው ላይ ተኮራምታ ትንቀጠቀጣለች።

በራሴ ገንዘብ እንዳላሳክማት ኪሴ ውስጥ የቀረኝ የባጃጅ ብቻ ነበር። ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ሟች ከየት መጥቶ ይፈርምልሽ?»

«አባባ፣ ፎርሙ ነው» አለች፤ ገልብጣም አሳየችን። ሁለት ሳጥን አለው። አንዱ «በአካል ቀርቧል» ይላል። ሌላው «በስልክ አረጋግጧል» ይላል። ሞቷል የሚል የለም።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ደብተሩ ላይ ያለውን የታዬን ቁጥር እያየች ደወለች።

ስልኩ ጃኬቴ ውስጥ ጮኸ። ከቀብሩ ጀምሮ የምይዘው እኔ ነኝ፤ መርዶውን ያልሰሙ ሰዎች ይደውላሉ። አውጥቼ በእጄ ያዝኩት። እሷ በመስኮቱ መስታወት ታየኛለች። አልሳቀችም።

«አንሳው እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።»

አነሳሁት።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ታዬ?» አለች በኦሮምኛ። አቶ ታዬ፣ ደህና ነዎት ወይ ማለቷ ነው።

«ፈያ፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ወይዘሮ አልማዝ እናትዎ ናቸው?»

«ናት።»

«ወንድምዎ እዚህ መጥቶ፣ እርስዎ ሞተዋል ይላል።»

ለእኔ አንተ፣ ለእሱ አንቱ። በመሃላችን ያለው አንድ መስታወት ነው። አፌ ላይ የመጣው የራሱ የታዬ ቃል ነበር።

«ሲያካብድ ነው» አልኩ። «እሱ ድሮም እንደዚያ ነው።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌው፣ «ደግ ልጅ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው» ብለው መረቁት።

ሠራተኛዋ ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረገች። «አመሰግናለሁ ኦቦ ታዬ፤ ጤናዎን ይጠብቁ» ብላ ዘጋች። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ማውረድ አቃተኝ። ካርዱን በመስኮቱ ገፋችልኝና፣ ቀስ ብላ፣ «ሂድ ወንድሜ፣ እናትህ ደማቸውን ይመርመሩ» አለችኝ።

ተስቦ ነበር። ሐኪሙ «እንኳን ዛሬ መጣችሁ» አለ። የሰባት ቀን መድኃኒት ተሰጣት።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። «ድኛለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ ክኒኑን ወደ ጎን አደረገችው። ብለምናት፣ ብቆጣት እምቢ አለች። ሲጨንቀኝ፣ ትንሽ ብትስቅልኝ ብዬ የመስኮቱን ነገር ነገርኳት። ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ታዬ ስለ እኔስ አልጠየቀም?» አለችኝ።

«ጠይቋል» አልኩ። «መድኃኒቷን እስከ መጨረሻው ትዋጥ ብሏል።»

ውኃ አምጣልኝ አለች። አንድም ሳታጎድል ጨረሰችው።

አሁን ደብተሩ በእኔ ስም ነው። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ አሳድሼዋለሁ። በመስኮቱ ስለዋሸሁት አይቆጨኝም። ለእማዬ ያልኳት ግን ውሸት ይሁን እውነት ዛሬም መለየት አልቻልኩም። ታዬ ለራሱ አያስብም ነበር እንጂ፣ ለእሷ ቢሆን ያንኑ ይላት ነበር።