የጠጋኙ ራዲያተርና የእህቱ እንቅልፍ

ሰፈሩ «ይገባል» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ደንበኛ አንድ ዕቃ ይዞ መጥቶ «ይኼ እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ?» ሲለው፣ ቀና ብሎ ሳያይ «ይገባል!» ይላል። ሜትር አለው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ለጌጥ።

የሚሠራው እቤቱ ሳሎን ውስጥ ነው። ቤቱን የሚጋራው ከታላቅ እህቱ ጋር ሲሆን፣ እሷ የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለሆነች ቀን ቀን ትተኛለች። ማለቴ ትተኛ ነበር፤ ወንድሟ ያችን የጫማ ካርቶን የምታክል የጌም ኮምፒውተር እስኪገጣጥም ድረስ። ትንሽ ሳጥን የመረጠው ቤት እንዳይጠብ አስቦ ነው፤ አሳቢ ወንድም! ግን እዚያች ሳጥን ውስጥ እንደ ምድጃ የሚግል ግራፊክስ ካርድ ጠቀጠቀባት። ማራገቢያዎቹ እሱን ለማቀዝቀዝ ሲሯሯጡ ቤቱ የአውሮፕላን ማረፊያ ይሆናል። እሱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሳይጫወት አይውልም። መጫወት ግን አይለውም፤ «ሙከራ» ነው የሚለው።

አንድ ቀን እህቱ ዓይኗ ቀልቶ፣ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ከመኝታ ቤት ወጣች።

«አንተ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚነሳው?»

«ምኑ?»

«አውሮፕላኑ።»

«እህትዓለም፣ ሙከራ ላይ ነኝ እኮ።»

«እኔም ሙከራ ላይ ነኝ። ለመተኛት።»

የጠጋኙ ልብ ተነካ። ልቡ የተነካ ሰው ማጥፊያውን መጫን ይችል ነበር፤ እሱ ግን ለእህቱ ፍቅር ሲል ኮምፒውተሩን በውሃ ሊያቀዘቅዝ ወሰነ። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ራዲያተር እንደሚሄድ፣ እዚያ በርዶ እንደሚመለስ፣ ማራገቢያውም ዝግ ብሎ ቢዞር እንደሚበቃው አስረዳት።

«ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ሳጥን ውስጥ?» አለች።

«ሙያዬን ለእኔ ተይልኝ። መርፌ አወጋግ አስተምሬሽ አውቃለሁ?»

ራዲያተሩ መጣ። ከሳጥኗ ጎን ሲቆም እንግዳው ከሚያርፍበት ቤት ገዝፎ ታየ። «ይገባል» አለ ጠጋኙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በቁመቱ ሞከረ፣ እምቢ አለ። በጎኑ ቢያስገባው ግራፊክስ ካርዱን ገፋው። በሰያፍ ሲሆን ክዳኑ አልዘጋ አለ። ስለዚህ ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ ዲስኩን አውጥቶ ወንበር ላይ አኖረ፤ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ፓወር ሰፕላይ ነቅሎ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ የብረት መጋዝ አነሳና የሳጥኗን ጣሪያ መቁረጥ ጀመረ።

እህቱ በሩን በረገደችው። «ደግሞ ጋራዥ ከፈትክ?»

«ለጸጥታ ነው የምሠራው!» ብሎ ጮኸ፣ ከመጋዙ ድምፅ በላይ።

ራዲያተሩ በተቆረጠው ጣሪያ ላይ እንደ ባርኔጣ ጉብ አለ። ቱቦዎቹ ግን ጥጉ ላይ ሲታጠፉ፣ እንደ ረገጡት የአትክልት ማጠጫ ጎማ ተጣብቀው ውሃ አናሳልፍም አሉ። ፈታቸው፣ በሙቅ ውሃ አለሰለሳቸው፣ እንደገና አዞራቸው። ከዚያ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ውሃውን የሚያዞረውን ፓምፕ ብቻ አስነሳና፣ የሚያፈስ ካለ እንዲታይ ከመጋጠሚያዎቹ ሥር ሶፍት አነጠፈ። እህቱ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይኼ ሶፍት ርሷል።»

«ላብ ነው።»

«የማን? የሱ ወይስ ያንተ?»

ካቻቪቴውን አነሳ። እሷ ቱቦውን ያዘችለት፣ እሱ ማሰሪያውን አጠበቀ። አዲስ ሶፍት አነጠፉ፤ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ኮምፒውተሩን ሲያስነሳው የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ተሰማ። ሁለቱም ተቃቅፈው ሳቁ። ቦታ እንዳትይዝ የተመረጠችው ሳጥን ጠረጴዛውን ሙሉ፣ አንድ ወንበርና የጠረጴዛውን ሥር መያዟን ያነሳ አልነበረም፤ ደስታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

በማግስቱ እህቱ እንደ ሕፃን ተኛች፤ ከምሳ በኋላ ግን «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ እኮ፣ አንተ ድንጋይ!» የሚል ድምፅ ከአልጋዋ አስፈነጠራት። ሆስፒታል ያለች፣ በሽተኛም የወደቀ መስሏት በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን ሮጠች። ወንድሟ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ጠረጴዛ ይደበድባል። ለካ ያ ሁሉ የማራገቢያ ጩኸት የእሱን ጩኸት ሲሸፍንለት ኖሯል!

«ማንን ነው የምትሰድበው?»

«የቡድኔን ሰው። አላውቀውም፣ ሌላ አገር ነው ያለው።»

«እንግዲያስ በደንብ ጩህ፣ አገሩ ሩቅ ነው።»

ጠጋኙ አፈረ። ግድግዳውን ስፖንጅ አለብሰዋለሁ፣ በሩንም እቀይረዋለሁ፣ «እሱ ቀላል ነው» እያለ ሜትር ለማውረድ ተነሳ። እህቱ እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

«ወንድምዓለም፣ ማታ እኔ ሥራ ስወጣ ለምን አትጫወትም?»

ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። «እሱም... ይቻላል» አለ በመጨረሻ፣ አንድ ከባድ የምህንድስና ሐሳብ እንደቀረበለት ሰው።

እንደ ቃሉ አደረገ። ማታ እየተጫወተ ያነጋል፣ ቀን ይተኛል። ደንበኛ መጥቶ በር ሲያንኳኳ የሚነቃ የለም፤ ከእህቱ በቀር። ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትከፍታለች፣ ኮምፒውተሩን ትቀበላለች፣ «መቼ ጀመረው? ትኩሳት አለው?» ብላ ትጠይቃለች፣ ሶፋው ላይ አስተኝታውም ወደ አልጋዋ ትመለሳለች።