ለስላሳው ፕሮፔለር

ወንድሜ ናፍቆኛል። ዙሪያ ጥምጥም ከምሄድ ከዚሁ ልጀምር። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ድሮ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር፤ አሁን ደቡብ ጫፍ ወርዶ ጫሞ ሐይቅ ላይ ይነዳል። እኔ ፍኖተ ሰላም ቶርኖ ቤት አለኝ፤ ብረት እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ። እናታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ናት። ቤት ከመጣ ሦስተኛ ፋሲካ ሊሆነው ነው፤ የቀረውም በእኔ ጥፋት ነው።

ድሮማ በየወሩ ይመጣ ነበር። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ሲገባ፣ ጭኑ ላይ ጆንያ ታቅፎ መስኮት ዳር ተቀምጦ አየዋለሁ። ጆንያው ውስጥ ያለው የጀልባው ፕሮፔለር ነው፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው፣ ሦስት ክንፍ ያለው አልሙኒየም። ተሳፋሪው መንገዱን ሙሉ "ምንድን ነው የያዝኸው?" ሲለው ይመጣል። አንዲት ሴትዮ አውጥቶ ቢያሳያት፣ "ለዚህ አገር ብርድ ደግሞ ማራገቢያ ምን ሊያደርግልህ?" አለችው አሉ። ይህን የሰማች እናቴ ከዚያ ወዲያ "ማራገቢያው" እያለች ቀረች።

ጣና በበጋ ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩ ወደ ላይ ይቀርባል። ጀልባዋ ደግሞ ፈጣን ናት፤ ቱሪስት ጭና ስትበር ክንፉ ድንጋይ ከነካ ይታጠፋል ወይ ጫፉ ይሸረፋል። እኔ በእሳት ለስለስ አድርጌ፣ እንጨት ላይ አስደግፌ፣ በጎማ መዶሻ ቀስ እያልሁ አቃናዋለሁ። የተሸረፈውን በይጄ እሞርዳለሁ። ከዚያ ዘንግ ላይ ሰክተን እናሽከረክረዋለን፤ አንዱ ክንፍ እየከበደ ወደ ታች ከወረደ ገና ነው፣ እንደገና እሞርዳለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ሲነዘንዘኝ ይውላል። "ይቺን ጀልባ ገልብጠሽ ለአዞ ልትሰጪኝ ነው" ይለኛል። ጣና አዞ የለውም እለዋለሁ። "አንቺ የሞረድሽው ከገባበትማ ይመጣል" ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ቅዳሜ እንሠራለን፣ እሑድ ሚኒባስ ተሳፍረን በማንኩሳ አድርገን እናታችን ዘንድ እንሄዳለን። እሷ ለእሱ እርጎ፣ ለእኔ ወቀሳ አዘጋጅታ ትጠብቀናለች። ሰኞ ጠዋት እሱ ከቡሬ ሽቅብ ወደ ባሕር ዳር፣ እኔ ቁልቁል ወደ ሥራዬ። ያኔ ያ ሁሉ ደስታ መሆኑን ማን ልብ አለው?

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። እኛ ወፍጮ ስንጠግን የኖርን ሰዎች ነን፤ አባታችንም ያስተማረን ይህንኑ ነው። የወፍጮ ዘንግ ተሰብሮ የመጣ እንደሆነ ወፈር ያለ እንሠራለን፤ ያም ከተሰበረ ይበልጥ እናወፍራለን። ደንበኛውም ከደምበጫ ይምጣ ከፈረስ ቤት፣ የሚለው አንድ ነው፤ "ዳግመኛ እንዳይመልሰኝ አድርገሽ ሥሪው" ነው የሚለው። የተሰበረን ነገር ማጠንከር እንጂ ለምን እንደተሰበረ መጠየቅ አልለመደብንም። ስለዚህ ያ ፕሮፔለር በየወሩ እየታጠፈ ሲመጣ፣ ሥራዬ የተናቀ መሰለኝና ንዴት ገባኝ።

አንድ ጊዜ ለቶርኖው ዕቃ ልገዛ ባሕር ዳር ሄድሁ። መለዋወጫ ቤት ውስጥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የስቴንለስ ፕሮፔለር ተሰቅሎ አየሁ። ክንፉ ስስ፣ ጫፉ ስለት፣ ሲነኩት ቅዝቅዝ የሚል። ልቤ ወደደው። ሐይቁ ዳር ሞተር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ነበርና ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ይቅርብሽ" አሉኝ። "ይህ ክንፍ ውሃውን በትልቅ ጉርሻ ነው የሚጎርሰው። ጀልባዋ ትፈጥናለች፤ ሞተሩ ግን ያንን ጉርሻ ለመዋጥ ይጨነቃል። ደግሞ ድንጋይ ሲመታ አይታጠፍም።"

"እኔስ የምፈልገው እንዳይታጠፍ አይደለም እንዴ፣ አባባ?"

"እሱ ካልታጠፈ ምቱ ወዴት ይሄዳል? በዘንጉ አድርጎ ሞተሩ ውስጥ ያሉትን የማርሽ ጥርሶች ነው የሚያገኛቸው። አልሙኒየሙ የሚታጠፈው እነሱን ለማዳን ነው።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁ። ብረት ሲቆርጥ ከኖረ ቤት ለወጣሁት ለእኔ ስለ ብረት ሊነግሩኝ። ገዛሁትና በዚያው ጀልባው ድረስ ወሰድሁለት። ስለ ሽማግሌው ምክር ትንፍሽ አላልሁም። ወንድሜ እያገላበጠ አየው፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ "አንቺ መቼም" አለኝና ሰካው። ያን ዕለት ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ውሃውን ስትሰነጥቅ፣ ኩራቴ ሌላ ነበር።

ከዚያ በኋላ መምጣቱ ቀረ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ የክረምቱ ዝናብ ገባ፣ ወጣ። ይደውላል፤ "ፕሮፔለሩስ?" እለዋለሁ፤ "ጭረት የለው" ይለኛል። እኔ ሞኟ ደስ ይለኛል። እሑድ ብቻዬን እናቴ ዘንድ ስሄድ ግን በሩ ላይ ቆማ ከኋላዬ ታያለች።

"ማራገቢያው ምነው አልታጠፍ አለ?" ትለኛለች።

"በጠንካራ ቀየርሁለት እኮ፣ እማዬ።"

"ምን ቸኮልሽ?" አለችኝ። እኔ ግን አሁንም አልገባኝም።

በየካቲት ውሃው ሲሸሽ ጥርሶቹ አለቁ። ሰው ጭኖ ከደሴት ሲመለስ ድንጋይ ነካ፤ ፕሮፔለሩ ምንም አልሆነም፤ ውሃ ውስጥ ከሚገባው የሞተሩ እግር ያሉት ጥርሶች ግን እንደ ባቄላ ክክ ረገፉ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትሄድም። በሌላ ጀልባ ተጎትተው ገቡ። የጀልባዋ ባለቤት "በአነዳድህ ነው" ብሎ አሰናበተው። ወንድሜ አልተከራከረም፣ የእኔንም ስም አላነሣም። ጓዙን ይዞ ወደ ጫሞ ወረደ። ለእኔም በስልክ "ድንጋይ ነው፣ ምን ይደረጋል" ብቻ አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዎ፣ ድንጋይ ነው" አልሁት።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አሥሬ ይዘጋል። ስልኩም እንደዚያው። እናቴ ደከማት፤ ዓይኗም ፈዘዘ። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ሲያልፍ ዛሬም ሥራዬን ትቼ መስኮት መስኮቱን አያለሁ፤ ከዚያ እንደማይመጣ እያወቅሁ። ሲያነጫንጨኝ የሚውለው ያ ድምፁ፣ አጠገቤ ቆሞ ሥራ ማስፈታቱ፣ እሱ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። አንድ ቀን በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ማንኩሳን ብናልፍ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ባለፈው ኔትወርክ የመጣ ቀን ደወልሁለት። እናታችንን እንደናፈቃት ነገርሁት፤ ከዚያ የሆዴን ዘረገፍሁ። ሽማግሌው አስጠንቅቀውኝ እንደነበር፣ በትዕቢት እንደደበቅሁት፣ ከሥራ ያስወጣሁት፣ ከአገር ያራቅሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ሁሉንም ነገርሁት።

ከዚያ ሳቀ።

"ስሚኝማ" አለኝ። "ባሕር ዳር ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት ቶርኖ ቤት እንደነበር ታውቂያለሽ? ፕሮፔለር በአንድ ሰዓት አቃንቶ የሚሰጥ።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ለምን ታመጣው ነበር?"

"ባለቤቱ ፈቃድ አይሰጥማ። 'ይህን ከእኅቴ በቀር የሚያቃናው የለም' እለዋለሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይለቀኛል። በዚያ ነበር እናንተን የማያችሁ።"

"ሁልጊዜ ድንጋይ እየመታህ?"

"ድንጋይማ በዓመት አንዴ ሁለቴ ቢገኝ ነው። ሲጠፋ በመዶሻ እመታው ነበር።"

እኔ የብረት ሰው ነኝ ባይዋ፣ የመዶሻን ምት ከድንጋይ ሳልለይ ስንት ወር አቃናሁት።

"ስቴንለሱን ሳመጣልህስ ይህን ለምን አልነገርኸኝም?"

"በደስታ ነበር እኮ ያመጣሽልኝ" አለኝ። ድምፁ ለወጥ አለ። "ከዚያ በኋላ ለዋለው ለመጀመሪያው መስቀል ልመጣ ብዬ ደበደብሁት። ሦስት ቀን ደበደብሁት። አልታጠፍ አለኝ።"