እንደ ፋብሪካው

ሞተሬን ከደባርቁ ጋራዥ ስረከብ የማርሹ መርገጫ ዛሬም ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። የጫማዬ አፍንጫ ከስሩ አልገባም። "እንደ ፋብሪካው አስተካከልኩልሽ" ይለኛል መካኒኩ፣ ምርቃት የሚጠብቅ ይመስል። ደሜ ፈላ።

አባቴንም እንዲሁ ነበር የሚያቃጥሉት። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ አይታጠፍም፤ ስለዚህ መርገጫውን ከፍ አድርጎ ያስራል። ጋራዥ በገባ ቁጥር ግን ዝቅ አድርገው ይመልሱለታል። አንድ እሑድ ለአክስቴ ሰርግ ወደ ዳባት ስንሄድ አባቴ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ መርገጫውን ወደ ላይ ሊያነሳ ቢሞክር እግሩ ከስሩ አልገባ አለ። መፍቻ አልያዝንም። በአንደኛ ማርሽ ብቻ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ የጋለ ዘይት እየሸተተን፣ ነጭ ቀሚሴ አቧራ እየጠጣ ስንንፏቀቅ አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ደረሱብን።

"ምነው ልጄ፣ ቤንዚን አለቀብህ?"

"ቤንዚንስ ሞልቷል አባቴ። ፋብሪካው እግሬን ሳያይ ሠርቶት ነው እንጂ።"

ሽማግሌው እርካባቸውን ረገጥ ረገጥ አደረጉና፣ "እኔስ እርካቤን ለሰው አላስነካም" ብለው ቀደሙን። በበቅሎ ተቀደምን! ዳባት ስንደርስ ሙሽሮቹ ሄደዋል።

መካኒኩ አሁን ጎንበስ ብሎ እግሬን ያያል።

"እግርሽን ምን ሆነሽ ነው መርገጫው ከፍ ይበልልኝ የምትይው?"

"ምንም። መፍቻውን ስጠኝ።"

ምን ብዬ ላስረዳው? ሞተር መንዳት የተማርኩት በአባቴ ሞተር ነው። እግሬ ደህና ነው፤ የሚያውቀው ግን የዚያን የማይታጠፍ እግር ልክ ብቻ ነው።