ጠፈር ክፍል ውስጥ የደረሰኝ መርዶ

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ በስደት ከምኖርበት ከተማ ዳር ቱክዊላ በምትባል ቦታ፣ ከመጋዘኖቹ በአንዱ፣ ሰው ጠፈር ላይ የሚኖርበትን ቤት እሠራ ነበር። እንዲህ ስል የሚያደንቀኝ ስላለ እውነቱን ቶሎ ልናገርና ይውጣልኝ። የሚበረውን የሚሠሩት ሌሎች፣ ሌላ ቦታ ናቸው። እኛ የሠራነው አምሳያውን ነው። ከኮምፔንሳቶና ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ሰው የሚያስገባ ትልቅ በርሜል በሉት፤ እነሱ ሞጁል ይሉታል። ጠፈርተኞቹ እዚህ መሬት ላይ ገብተው ክንዳቸው የት እንደሚጋጭ ያዩበታል። የእኔ ሥራ የውስጡን ግድግዳ መግጠም ነበር። መስኮቱ ጥቁር ወረቀት የተለጠፈበት ፕላስቲክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሲያልቅ ሰው ይኑርበት ተባለ። የማራገቢያው ድምፅ እንቅልፍ ይነሳ እንደሆነ፣ ሁለት ሰው ሳይጣላ ይታጠብበት እንደሆነ ለማየት በሩ ለአንድ ሳምንት ይዘጋል። እኔና አንድ ፊሊፒናዊ በያጅ እጃችንን አወጣን። ለምን እንዳወጣሁ አውቀዋለሁ። ደሴ ያለችው እናቴ ታማ ነበር፤ ቤቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። እዚያ ውስጥ ግን ከቤተሰብ የሚያገናኙን በቀን አንዴ፣ በሩ አጠገብ ባለች መነጋገሪያ ነው። የቀረውን ሰዓት የሚጮህ ነገር የለም።

ከመግባቴ በፊት ቂብላውን፣ ስሰግድ የምዞርበትን አቅጣጫ፣ በሰማያዊ ፕላስተር ወለሉ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። የሙከራው ኃላፊ፣ ከቤልቪው የምትመላለስ መሐንዲስ፣ «ይሄ ንድፉ ላይ የለም» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀችና ንድፉ ላይ ጨመረችው። ክፉ ሴት እንዳልነበረች እንድታውቁልኝ ነው።

ሳምንቱ ሲጋመስ ይህችው ሴት በመነጋገሪያዋ ጠራችኝ።

«እናትህ ሞታለች፤ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። «ባለቤትህ እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎች ቤትህ መጥተው ይንገሩህ ትላለች። ይሄ ግን የአንተ ነገር ነው፣ መደበቅ አልቻልኩም። መውጣት ከፈለግህ በሩን አሁን እከፍተዋለሁ።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በሽቦ አይነገርም። ሰው ማልዶ ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ ሰማዩ የተደፋበትን ሰው የሚይዙ እጆች ከአጠገቡ ይቆማሉ። እሷ ይህን ከየት ታውቀዋለች? በእሷ አገር ሰው የእናቱን ሞት ሳያውቅ ማደሩ ነው ነውሩ።

«አመሰግናለሁ፣ እቆያለሁ» አልኳት። ሽማግሌዎቹ ከፓርኪንጉም ከታክሲውም ሥራቸው ፈቃድ ለምነው ነው የሚመጡት፤ ሰምቼ ብጠብቃቸው ድካማቸው ከንቱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይሄ ግማሹ ምክንያት ነው። ሌላው፣ እዚያ በርሜል ውስጥ ከእኔ የሚፈለገው መተንፈስ ብቻ መሆኑ ነበር። ፕላስተሩ ላይ ቆሜ ሰገድኩ፤ የታሸገውን ሩዝ በላሁ፤ ብሎኑ የላላ አንድ ግድግዳ አገኘሁና አጠበቅሁት። ምንም አልተሰማኝም። ምንም አለመሰማቱ አስፈራኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እሱም አልተሰማኝም። በያጁ ብስኩቱን ሰጥቶኝ ፊቱን አዞረ።

ማታ ባለቤቴ ደወለች።

«ኦኬ ነህ? ምግቡ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። እናቴስ?»

«ደህና ናቸው። ትናንት ኮል አድርጌ ነበር፣ ሰላም ብለውሃል።»

«አንቺም ሰላም በይልኝ። ብርድ ነው፣ ስትነሳ ጋቢ ትደርብ በያት።»

«እሺ፣ እላቸዋለሁ።»

በነጋታውም እንደዚሁ ጠየቅኋት፣ እንደዚሁ መለሰችልኝ። ሙከራው እስኪያልቅ ማታ ማታ ለእናቴ ሰላምታ ላክሁ። መድኃኒቷን እንዳትረሳ፣ ደረጃው ላይ እንድትጠነቀቅ አሳሰብኩ። ባለቤቴ አንዱንም ሳትቃወም ተቀበለችኝ።

ቅዳሜ ወጥቼ ሌክ ሲቲ ያለው ቤታችን ገባሁ። እሑድ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሳሎኑ ሞላ። አንጋፋው ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ቆሙ፤ ሁለት ጎረምሶች እንዳልወድቅ ከግራና ከቀኝ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የአላህ ውሳኔ ነው። እናትህ ወደ አኼራ ሄደዋል።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሴቶቹ አለቀሱ። ጎረምሶቹ ትንሽ ጠብቀው እርስ በርሳቸው ተያዩና ክንዴን ለቀቁት። «እንባህን አትያዘው፣ ይጎዳሃል» አሉኝ ሽማግሌው። አልያዝኩትም ነበር። የሚያዝ እንባ አልነበረኝም።

ሰዉ ከሰዓት በኋላ ሲሳሳ ኩሽና ገባሁ። ባለቤቴ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ታውቅ ነበር አይደል?» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«አውቅ ነበር። የዚያን ቀን፣ አንቺ ከመደወልሽ በፊት ሴትዮዋ ነገረችኝ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ሶ፣ ጋቢ ትደርብ ያልከኝ…»

«አውቄ ነው።»

«ታዲያ ለማን እንዳደርስልህ ነበር?»

«ለእሷ» አልኳት።

እጇን ሳታደርቅ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። የወደቅሁት ያኔ ነው።